በረሃ ስንት ወቅት አለው?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ በዚህ ጥያቄ የተከፈተው የውይይት ክር መነሻ ጽሑፉ አጭር ነው። ጠያቂው የአንድ በረሃማ ቦታ የአስር ዓመት የአየር ሁኔታ ሰንጠረዥ አያይዞ፣ በረሃ ሁለት ወቅት ብቻ እንዳለው ይከራከራል፦ የሙቀት ወራትና ሙቀቱ በረድ የሚልባቸው ወራት። የዓመቱ ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ ከቁጥር እንደማይገባም ያምናል። በዚሁ መሠረት ችግኝ የሚተከልበትን፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚቆፈርበትንና መሣሪያዎች ከአቧራ የሚሸፈኑበትን ጊዜ የሚወስን የዓመት መርሐ ግብር ሊያወጣ አስቧል፤ ስህተት ካለበት እንዲታረም ይጠይቃል። ቦታው በስንተኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ እንዳለ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሚርቅ)፣ ባህር ይቅረበው ይራቀው፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ ግን አልጻፈም። ክሩ ከሠላሳ ምላሽ በላይ የተጎተተው በዚህች ጉድለት ነው። ወራቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመቶቹም እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አወያዩ ከላይ አስፍሯል፤ እኔም እንዲሁ እቀጥላለሁ።

ምላሽ 1 በትህትና ይጀምርና ጠያቂውን በግማሽ ይደግፈዋል። በምድር ወገብ አካባቢ የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ዝናቡን እዚያው አራግፎ፣ ከፍ ብሎ ወደ ዋልታዎቹ አቅጣጫ ይጓዝና ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርድ ደረቅ አየር በየ1 ኪሎ ሜትሩ ወደ 9.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ እየሞቀ የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና አይሠራም። ሰሃራም፣ የአረቢያ በረሃም፣ የአውስትራሊያ መሃልም የደረቁት በዋናነት በዚህ ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ያመልጣል፤ በቀንና በሌሊት መካከል የ15 እና የ20 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሙቀት የመጀመሪያው መለያ ቢሆን እንደማይገርም፣ ብቻውን ግን እንደማይበቃ ይደመድማል።

ምላሽ 2 ቦታው በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንደሆነና ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ ብቻ ይጠይቃል፤ ምክንያቱንም ያስከትላል። የሰሃራ ሰሜናዊ ጠርዝ የሚያገኛት ትንሽ ዝናብ በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ከሜዲትራኒያን በኩል በሚያልፉ ዝቅተኛ ግፊቶች (ዝናብ በሚያመጡ የአየር ሥርዓቶች) የምትመጣ ናት። ደቡባዊው ጠርዝ ግን ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በሚገባው ሞንሱን (በየወቅቱ አቅጣጫ የሚቀይር፣ ዝናብ የሚያመጣ ነፋስ) ነው የሚረጥበው። መሃሉን ሁለቱም አይደርሱበትም፤ ዓመት ከዓመት ጠብታ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ በዓመት 80 ሚሊ ሜትር የሚያገኙ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ በረሃ ውስጥ ሆነው የወቅት አቆጣጠራቸው ፍጹም ተቃራኒ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንደኔ ይህች ምላሽ የክሩ ቁልፍ ናት፤ ከእሷ በኋላ የመጣው አብዛኛው ማብራሪያዋ ነው።

ምላሽ 3 ያንኑ በሰሜን አሜሪካ ጎረቤታም በረሃዎች ያስረዳል። ሞሃቪ ዝናቡን በብዛት የሚያገኘው በብርድ ወራት ከፓሲፊክ በኩል ነው፤ ቺዋዋ ደግሞ በሙቀት ወራት ከሞንሱን። በመካከላቸው ያለው ሶኖራ ሁለቱንም ያገኛል፦ በብርድ ወራት ለሰዓታት የሚያካፋ ዝግ ያለ ዝናብ፣ በሙቀት ወራት ከሰዓት በኋላ ዶፉን ጥሎ የሚሄድ ነጎድጓዳማ ዝናብ። ሶኖራ በዕፅዋት ዓይነት የበለጸገው ዓመቱን ሁለት ጊዜ ስለሚጠጣ እንደሆነም ጨምሯል።

ምላሽ 4 ላይ አንቱታው ቀረ። መላሹ ጠያቂውን አንተ እያለ፣ ሁለት ወቅት ብሎ መደምደም ሰንጠረዡን ካለማንበብ የመጣ ስንፍና እንደሆነ በግልጽ ይነግረዋል። ሞንሱን በሚደርስባቸው በረሃዎች ከፍተኛው ሙቀት የሚመዘገበው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። በሕንድና በፓኪስታን ባለው የታር በረሃ የሚነድዱት ሜይና ጁን ናቸው፤ ፋሎዲ የተባለችው የሕንድ ከተማ 51 ዲግሪ የመዘገበችው ሜይ 19 ቀን 2016 ነበር። ጁላይ ላይ ደመናና እርጥበት ሲገባ የቀኑ ሙቀት ይወርዳል፤ የሌሊቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ሴፕቴምበር መጨረሻ ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ መልሶ ጥቂት ያሻቅባል። የጠያቂው መርሐ ግብር ደረቁን ሙቀትና እርጥቡን ሙቀት አንድ ላይ አጭቋቸዋል፤ በሜይ የተተከለ ችግኝ ግን ይደርቃል፣ በጁላይ የተተከለው ይይዛል።

ምላሽ 5 ጠያቂው የመጣው ሊማር እንጂ ሊሰደብ እንዳልሆነ ያስታውስና፣ ሰንጠረዡ ዝናብ ከማይደርስበት ከመሃል በረሃ የተወሰደ ከሆነ የሁለት ወቅት ክፍፍሉ ያን ያህል ስህተት እንዳልሆነ ይሟገታል። ምላሽ 6 ሁለቱንም ትታ ወደ ሥራው ገባች። ለየወሩ አማካይ ዝናብ መያዝ በረሃ ላይ እንደሚያሳስት በቁጥር አሳየች፦ በአስር ዓመት ውስጥ ዘጠኙ ጃንዋሪ ባዶ ሆኖ አንዱ ብቻ 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት፣ አማካዩ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በየዓመቱ 6 ሚሊ ሜትር የሚጠብቅ ሰው አንድም ዓመት አያገኛትም። ስለዚህ ለየወሩ ሦስት ቁጥር እንዲወጣ ትመክራለች፦ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው መሃል ላይ የሚውለው፣ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የዘነበባቸው ቀናት ብዛት፣ እንዲሁም በአንድ ቀን የወረደው ከፍተኛ መጠን። አስር ዓመት ለበረሃ አጭር እንደሆነ፣ በዓለም አቀፍ አሠራር የሚወሰደው 30 ዓመት፣ የአሁኑም ከ1991 እስከ 2020 ያለው መሆኑን አስታውሳለች።

ምላሽ 7 ዝናብ ባይኖርም ወቅት ሲለወጥ ቀድሞ የሚናገሩት የጤዛ ነጥብ (አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መሥራት የሚጀምርበት ሙቀት) እና የነፋስ አቅጣጫ መሆናቸውን ያመጣል። አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ) ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከሙቀቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። የጤዛ ነጥቡ 5 ዲግሪ የሆነ አየር ከሰዓት በኋላ በ40 ዲግሪ ሙቀት 12 በመቶ ያህል ያሳያል፤ ያው አየር ንጋት ላይ 15 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አልተለወጠም። የጤዛ ነጥቡ በተከታታይ ቀናት ከፍ ብሎ ከቆየና ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ እርጥቡ ወቅት ገብቷል። በአሪዞና የሞንሱን መግቢያ ድሮ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነበር፤ በፊኒክስ ከተማ የቀን አማካይ የጤዛ ነጥብ ለሦስት ተከታታይ ቀናት 13 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ። ከ2008 ወዲህ ግን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ተብሎ በቋሚነት ተወሰነ። ምላሽ 8 ቋሚ ቀን ለማስጠንቀቂያና ለሕዝብ ትምህርት እንደሚመች፣ ለተካይ ግን እንደማይረባ በአንድ መስመር ጽፎ ያልፋል፤ በዚህ እስማማለሁ።

ከዚያ ክሩ ያልታሰበ አቅጣጫ ያዘ፤ ለኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍልም ይህ ነው። ምላሽ 9 በረሃ ላይ ከወቅቱ በፊት መጠርጠር ያለበት ዝናብ መለኪያው እንደሆነ ይጽፋል። ውሃ ሲሞላው እየተገለበጠ የሚቆጥር ትንሽ ዕቃ (ገልባጭ) ባለው ዓይነት መለኪያ፣ ገልባጩ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ ዝናብ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ክብ አፉ ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ግልብጫ 6.28 ሚሊ ሊትር ውሃ ያልፋል ማለት ነው። በደረቁ ወራት አቧራ አፉ ውስጥ ይከማቻል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ውሃው እላይ ቆሞ ወይ በፀሐይ ይተናል፣ ወይ በማግስቱ ቀስ እያለ ይንጠባጠብና ባልዘነበበት ቀን ይመዘገባል። ከታች ባለው ገልባጭ ላይ የሚደርቀው ጭቃ ደግሞ ክብደት እየጨመረ ከልኩ በታች በሆነ ውሃ እንዲገለበጥ ያደርገዋል፤ ያኔ ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል።

ማረጋገጫውንም ደረጃ በደረጃ አስቀምጧል። አፉ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ወንፊቱ ተነስቶ ይታጠባል፤ የመለኪያው ወለል በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይታያል። ከዚያ 628 ሚሊ ሊትር ውሃ ከታች ጠባብ ቀዳዳ ካለው ዕቃ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፤ ቆጣሪው 100 ማሳየት አለበት። ከ97 እስከ 103 ከሆነ ደህና ነው፤ ከዚያ ከወጣ ከገልባጩ ሥር ያሉት ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች በእኩል መጠን ይዞራሉ፣ ሙከራውም ይደገማል። የሙከራው ውሃ ዝናብ ሆኖ እንዳይመዘገብ ንባቡን የሚመዘግበው መሣሪያ ሽቦ አስቀድሞ መነቀል አለበት። ምላሹ ይህ ሁሉ እርጥቡ ወቅት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው እንዲሠራ ያሳስባል።

ምላሽ 10 ለ9ኛው አንድ እርማት ያክላል፦ ዶፍ ሲወርድ ገልባጩ ከጎን ወደ ጎን በሚዞርባት ቅጽበት የሚወርደው ውሃ ሳይቆጠር ስለሚያልፍ መለኪያው ከእውነቱ በታች ያነባል፤ የበረሃ ዝናብ ደግሞ በአብዛኛው ዶፍ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ተራ ማጠራቀሚያ መለኪያ መቆም አለበት። ጣቢያው በየቀኑ የማይጎበኝ ከሆነ ውሃው እንዳይተን ስስ የዘይት ሽፋን ይጨመርበታል፤ ዘይቱ ስንት እንደሆነ ተለክቶ ከንባቡ ይቀነሳል። ምላሽ 11 ግን ስለ መለኪያ የሚወራው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ በቁጣ ይጽፋል፤ ዋናው ነገር ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው ወይስ ያልተለካ ቀን ነው የሚለው ነው። ባዶ ሣጥኖችን በዜሮ መሙላት በበረሃ ማንም የማያስተውለው ስህተት ነው፤ ዜሮው ትክክል ይመስላልና። ጠያቂው ዋናውን የመዝገብ ወረቀት ካላየ መርሐ ግብሩን እንዲተወው ይነግረዋል። አነጋገሩ ጎርበጥ ቢልም ነጥቡ ልክ ነው።

ምላሽ 12 የጠያቂው ነው። ሳይቀየም መልሶ ቦታው በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ 19ኛው ዲግሪ፣ ከባህር የራቀ ሜዳ እንደሆነ፣ ዝናቡ በብዛት ጁላይና ኦገስት ላይ እንደሚወርድ፣ አንድ ዓመት ብቻ ፌብሯሪ ላይ በአንድ ቀን ብዙ እንደዘነበ ይገልጻል። ባዶ ሣጥኖቹንም ማን በዜሮ እንደሞላቸው እንደሚያጣራ ቃል ገብቷል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ምላሽ 13 የአቧራውን ዓመት ዘረዘረ። ከኖቬምበር እስከ ማርች በሰሃራ ደቡባዊ ክፍል የሚነፍሰው ሐርማታን ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅና የማያቋርጥ ነፋስ ነው፤ አቧራው ደቃቅ ስለሆነ ለቀናት አየር ላይ ይቆያል፣ በየቀዳዳውም ይገባል። ከሜይ ጀምሮ ያለው ሐቡብ ሌላ ነገር ነው። ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ዝናብ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይተናል፤ ትነቱ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ተምዘግዝጎ መሬት ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ተበትኖ አቧራውን ያነሳል። የአቧራው ግንብ ከ1,000 ሜትር በላይ ሊቆም ይችላል። በመዝገብ ላይ የሚለየውም በቀላሉ ነው፦ በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ይበረታል። ለሐርማታን የሚጠቅመው ጥብቅ ማሸጊያና ቶሎ ቶሎ የሚጸዳ ማጣሪያ ነው፤ ለሐቡብ ደግሞ መሣሪያዎቹ የተሰቀሉበት ምሰሶ ማሰሪያ ጥንካሬ። ካምሲን የሚባለው የግብፅ ሞቃት ነፋስ ከማርች እስከ ሜይ፣ ሻማል የሚባለው የኢራቅና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነፋስ ደግሞ በተለይ ጁንና ጁላይ እንደሚበረታ ጠቅሶ፣ አንዱን ቦታ አይቶ የሌላውን የአቧራ ጊዜ መገመት እንደማይቻል ያሳያል።

ምላሽ 14 በአቧራ ተስቦ ከርዕሱ ይወጣል። በቻድ፣ በቲቤስቲና በኤነዲ ተራሮች መካከል ያለው የቦዴሌ ረባዳ ከጥንቱ ታላቅ የቻድ ሐይቅ የቀረ ደቃቅ ነጭ አፈር አለው፤ በብርድ ወራት በተራሮቹ መካከል ተጨምቆ የሚያልፈው ነፋስ ያንን አንስቶ አትላንቲክን ያሻግረዋል፣ በውስጡ ያለው ፎስፈረስም እስከ አማዞን ይደርሳል። ምላሽ 15 ደግሞ ጭራሽ ርቆ፣ በኤፕሪል 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የወረደው ዶፍ ደመና በማዝነብ ሥራ የመጣ እንደሆነ ይናገራል። ምላሽ 16 መልሱን በቁጣ ጻፈ። ኤፕሪል 16 ቀን በኸትም አሽ ሸክላ ጣቢያ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ተመዝግቧል፤ ያን ያመጣው በአካባቢው ላይ የተንሰራፋ ትልቅ የዝቅተኛ ግፊት ሥርዓት ነው፣ ትንበያውም ከቀናት በፊት ወጥቶ ነበር። ደመና ላይ ጨው መርጨት ያለውን ደመና ጥቂት ሊያግዝ ይችል እንደሆነ እንጂ የሌለውን እርጥበት ከባህር አያመጣም። 15ኛው ማስረጃ ሳያቀርብ ሊቀጥል ሲል፣ ምላሽ 17 ላይ አወያዩ ሁለቱንም ወደ ወቅቱ ጉዳይ እንዲመለሱ አዘዘ።

ምላሽ 18 ቀዝቃዛ የባህር ጅረት አጠገብ ያሉትን በረሃዎች ያስገባል። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የናሚብ ዳርቻ በቤንጌላ፣ በደቡብ አሜሪካ አታካማ በሁምቦልት ጅረት ይቀዘቅዛሉ። ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛ፣ ከላይ ያለው ሞቃት ስለሆነ አየሩ እንደ ድስት ክዳን ተገጥሞ ይቀመጣል፤ ጉም እንጂ ዝናብ አይወጣውም። በቺሊ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው አሪካ ከኦክቶበር 1903 እስከ ጃንዋሪ 1918 ድረስ ለ173 ወራት ዝናብ አልተመዘገበባትም። በናሚብ ዳርቻ ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ ከመሃል አገሩ ደጋ ወደ ባህር የሚወርድ ነፋስ እየወረደ ስለሚሞቅ፣ ጉማሟ ዳርቻ በአንድ ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ልትደርስ ትችላለች። ሙቀትን ብቻ አይቶ ወቅት ለሚከፍል ሰው ከዚህ የተሻለ ማረሚያ አላውቅም።

እንዲህ ባለ ቦታ ዝናብ መለኪያ ምንም እንደማያይ ምላሽ 19 ያክላል። ለጉም የሚሠራው መደበኛ መለኪያ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ክፈፍ ነው፤ ታችኛው ጠርዝ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ይላል፣ ጥላ የሚሰጠው የፕላስቲክ መረብ በሁለት ድርብ ይወጠርበታል፣ ፊቱ ጉም ወደሚያመጣው ነፋስ ይዞራል። ከሥሩ ያለው አሸንዳ ወደ መለኪያው ዘንበል ካላለ ጥቂቱ ውሃ እዚያው ደርቆ ይቀራል። የመረቡ ዓይኖች በአቧራና በጨው ሲደፈኑ ነፋሱ በጎን እየዞረ ያልፋል፤ መታጠብ አለባቸው።

ምላሽ 20 ደግሞ በረሃ ሁሉ ሞቃት ነው ብሎ መነሳትን ይነቅፋል። በሞንጎሊያና በቻይና ባለው የጎቢ በረሃ የብርዱ ወራት ወደ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ የሙቀቱ ወራት ወደ 40 ዲግሪ ከዜሮ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ አራቱም ወቅቶች በግልጽ ይታያሉ። አቧራው የሚበረታው ከማርች እስከ ሜይ ነው፦ በረዶው ይቀልጣል፣ አፈሩ ይላላል፣ ሣሩ ገና አልበቀለም፣ ኃይለኛ ዝቅተኛ ግፊቶች ያልፋሉ። በዓለም ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ መሆኑንም ጣል አድርጓል።

የሙቀት ሬከርድ ጭቅጭቅ ሳይነሳ አይቀርም፤ ምላሽ 21 የሊቢያዋን አል አዚዚያ 58 ዲግሪ ጠቀሰ። ምላሽ 22 ያ የ1922 ንባብ በ2012 በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መሰረዙን፣ በይፋ የቆመው በአሜሪካ የሞት ሸለቆ ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ መሆኑን፣ እሱንም የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች እንዳሉ አስረዳ። 21ኛው በሳተላይት ከ70 ዲግሪ በላይ ተለክቷል ብሎ ሲመልስ፣ ምላሽ 23 የአየርና የመሬት ገጽ ሙቀትን መቀላቀል ከዚህ መድረክ የማይጠበቅ ስህተት እንደሆነ ገሠጸው። በኢራን የሉት በረሃ በ2005 በሳተላይት የታየው 70.7 ዲግሪ የመሬቱ ገጽ ነው፤ የአየር ሙቀት የሚለካው ግን ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ነፋስ በሚያስገባ የጥላ ሣጥን ውስጥ ነው። ለሬከርድ ከሚጨቃጨቁ የዓመቱን አማካይ ቢያዩ እንደሚሻል ጠቁሞ፣ ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል የተመዘገበውን 34.6 ዲግሪ አስታወሰ፤ እዚያ ቀዝቃዛ የሚባለው ወርም ቢሆን ሙቀት ነው።

ከዚህ ንትርክ መልካም ነገር ወጣ። ምላሽ 24 ወቅት ወደ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አሰላ። በደረቅ አሸዋ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ውጣ ውረድ በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወደ 37 በመቶ ይቀንሳል፤ በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ5 በመቶ በታች ይሆናል፣ እሱም 12 ሰዓት ዘግይቶ፤ ላይኛው ሲነድድ ያኛው የሌሊቱን ቅዝቃዜ እያየ ነው። የዓመቱ ውጣ ውረድ ወደ 37 በመቶ የሚቀንስበት ጥልቀት የ8 ሴንቲ ሜትሩ 19 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ወደ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ 5 ሜትር ሲቃረብ ወቅቱ ተገልብጦ በስድስት ወር ይዘገያል። እርጥብ አፈር ሙቀት በተሻለ ስለሚያስተላልፍ እነዚህ ጥልቀቶች ከዝናብ በኋላ ይጨምራሉ። ስለዚህ የውሃ ቱቦ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ከተቀበረ ከቀኑ ቃጠሎ ይድናል፤ ከወቅቱ ሙቀት ግን አይድንም።

ችግኝ ላይ የተነሳው ክርክር ረጅም ነበር። ምላሽ 25 መርሐ ግብሩ ወርን ሳይሆን ዝናቡን ራሱን መጠበቅ እንዳለበት ይከራከራል። በሞሃቪ የአንድ ወቅት ዕፅዋት ዘር የሚበቅለው ወደ 25 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር አያነቃውም። ደረቅ አሸዋ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይርሳል፤ ሸክላ አፈር 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ፀሐይ በፍጥነት የምታደርቀው የላይኛውን ክፍል ስለሆነ፣ በዝናብማ አገር ደካማ የሚባለው አሸዋ በረሃ ላይ ከሸክላው ይልቅ ውሃ ያተርፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዝናቡ ከቆመ ከአንድ ቀን በኋላ ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ የረጠበው ጥልቀት በማስመሪያ ይለካል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አይተከልም። ምላሽ 26 ሸክላውን ማጣጣሉን ይቃወማል። ገጹ ቶሎ ስለሚደፈን ውሃ ያንሸራትታል፤ ያ ውሃ ከታቀበ ራሱ ሀብት ነው። በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ የጥንት እርሻዎች ለአንድ ሄክታር ማሳ ከ20 እስከ 30 ሄክታር ተዳፋት ውሃ ይሰበስብላቸው ነበር። 100 ሚሊ ሜትር ዘንቦ 15 በመቶው ቢወርድ፣ በ20 እጥፍ ቦታ ማሳው ተጨማሪ 300 ሚሊ ሜትር ያገኛል። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ እኔ የአፈሩ ዓይነት ሳይታወቅ ማንኛቸውንም መያዝ እንደማይገባ አስባለሁ።

ምላሽ 27 የቦዩን ቁፋሮ ያነሳል። ጠያቂው የሚቆፍረው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ቢሆንም፣ ጎርፉ ከሩቅ ተራራ ሊመጣ ስለሚችል ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በደረቅ ወንዝ አልጋ ውስጥ ሰውም ማሽንም ማደር እንደሌለበት አጥብቆ ያሳስባል። የአውስትራሊያው ኤር ሐይቅ የሚሞላው በሩቁ የኩዊንስላንድ ግዛት በዘነበ ውሃ ነው፤ ውሃው ለመድረስ ሳምንታትና ወራት ይወስድበታል። ምላሽ 28 የዝናቡ ጣጣ ጎርፉ ከደረቀ በኋላም እንደሚቀጥል በመኩኑ አውሎ ነፋስ ያሳያል። በሜይ 2018 ኦማን ላይ ወርዶ ባዶው ሩብ በሚባለው የአረቢያ በረሃ የአሸዋ ክምሮች መካከል ሐይቆችን ተከለ፤ በኦክቶበር ሉባን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ ተጨመረበት። በዚያ ሰው በሌለበት እርጥብ አሸዋ የአንበጣ መንጋ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ፤ በ2019 እና በ2020 ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ደረሰ።

ምላሽ 29 በሴፕቴምበር 2024 በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ ለአስርት ዓመታት ደርቆ የኖረው የኢሪኪ ሐይቅ ውሃ መያዙን ጠቅሶ፣ ሰሃራ ወደ ልምላሜ እየተመለሰ እንደሆነ ተስፋ ያደርጋል። ምላሽ 30 አንድ ጎርፍ የአየር ጠባይ ለውጥ እንደማይባል ያርመዋል። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ገደማ ሰሃራን ያለመለመው የምድር ዘንግ መወዛወዝ ነው፤ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው አሁን በጃንዋሪ ነው፣ ያኔ ግን በሰሜኑ የሙቀት ወራት ስለነበር ሞንሱኑ በርትቶ ወደ ሰሜን ዘልቆ ነበር። ዑደቱ ከ20,000 ዓመት በላይ ይወስዳል። የአሁኑ ሙቀት መጨመር የሚያመጣው ሌላ ነው፦ አየሩ በ1 ዲግሪ ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ ተን ስለሚይዝ፣ ሲዘንብ ዶፉ ይብሳል፤ በሁለት ዝናብ መካከል ደግሞ ትነቱ ይጨምራል።

ምላሽ 31 ላይ ጠያቂው አዲሱን መርሐ ግብር አቀረበ፦ ከኖቬምበር እስከ ፌብሯሪ ብርድና ደቃቅ አቧራ፣ የቦይ ቁፋሮ የሚጠናቀቅበት፤ ከማርች እስከ ጁን ደረቅ ሙቀት፣ መለኪያዎች የሚፈተሹበት፤ ጁላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር እርጥብ ሙቀት፣ የረጠበው ጥልቀት እየተለካ ብቻ የሚተከልበት፤ ኦክቶበር መሸጋገሪያ። የፌብሯሪውን ዝናብ ከአማካዩ አውጥቶ በተለየ መስመር አስቀምጦታል፤ ባዶ ሣጥኖቹም ባዶ ሆነው ተመልሰዋል። 4ኛው መላሽ ተመልሶ በእርስዎ አመሰገነውና ሐቡብ ጁን ሳይገባ ሊጀምር ስለሚችል የምሰሶው ማሰሪያ ፍተሻ ወደ ኤፕሪል እንዲቀደም ጠየቀ።

የመጨረሻዋ ምላሽ 33 የነፋስ መለኪያውን ከፍታ ትመለከታለች። መደበኛው 10 ሜትር ነው፤ በ2 ሜትር ላይ የተተከለ መለኪያ በክፍት ሜዳ የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ያነባል፣ በ10 ሜትር 8 ሜትር በሰከንድ የሆነው እዚያ 6 ሆኖ ይመዘገባል። ከአካባቢው ካለ ግንብ ወይም ዛፍ ቁመት ቢያንስ አስር እጥፍ መራቅ አለበት። ጠያቂው የአቧራ ቀናትን በነፋስ ፍጥነት ሊለይ ካሰበ፣ ያለፉት አስር ዓመታት ንባቦች በስንት ሜትር ከፍታ እንደተወሰዱ በሰንጠረዡ ራስጌ ላይ እንዲጽፍ ጠይቃ ክሩ እዚያ ቆሟል።